እንቁራሪቶቹ ዝም ያሉበት ክረምት

አክስቴን በመናኸሪያው የሚያውቃት ሰው ሁሉ የሚጠራት እትዬ ማይክ እያለ ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁት የደመወዝ ክፍሉ፣ ባሏና እኔ ብቻ ነን ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሸካሚውም እትዬ ማይክ ይላታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ሥራዋ የአውቶቡሶችን መነሻ ማስታወቅ ነው። ከትኬት መቁረጫው በላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ ሦስተኛ ሰው ከመጣ መላወሻ የሚጠፋበት ጠባብ ክፍል አላት። የፊት መስኮቱ አውቶቡሶቹን ያሳያል፣ የኋላው ደግሞ አጥሩንና ከአጥሩ ማዶ ያለውን። ጠረጴዛዋ ላይ አንገቱ የተጠማዘዘ ማይክ፣ አቧራ እንዳይገባበት በፎጣ የተሸፈነ ማጉያ፣ አጠገቡም ሻይ የማይጠፋበት ፔርሙዝ አለ።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያደግሁት እሷ ቤት ነው። ኋላም እዚያው መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ስለተቀጠርኩ ቤትም ሥራ ቦታም የምሰማው ድምፅዋን ነው። አልሰለቸኝም። ሌላ ቦታ ያሉ አስተዋዋቂዎች የሚሉት አይሰማም፤ ቃሉን አላምጠው ይውጡታል። እሷ ግን ሰው እያየች ነው የምትናገረው። «ባለ አረንጓዴ ሻንጣው አባት፣ ሻንጣዎ ተሳፍሯል፣ እርስዎ ቀርተዋል» ትላለች። «መስኮት ጋ ካልሆነ አልቀመጥም ብላችሁ የቆማችሁ፣ መንገዱ ለሁላችሁም ያው ነው፣ ግቡ» ትላለች። ሰው እየሳቀ ይገባል፤ አውቶቡሱም በሰዓቱ ይወጣል።

ባሏ መካኒክ ነው። የማርሽ ሳጥን እንደ እሱ ፈትቶ የሚገጥም ስለሌለ ጋሽ ካምቢዮ ይሉታል። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ጋራዡ ከመናኸሪያው ጀርባ በተርታ ከቆሙት ጋራዦች አንዱ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን ሙሉ መኪና ስር ተኝቶ ቢውል «ያንን ቁልፍ አቀብለኝ» ከማለት ያለፈ ነገር ከአፉ አይወጣም። ሰዎች ሲቀልዱ፣ ከሠርጋቸው ዕለት ጀምሮ መናገሩን ለእሷ ውክልና ሰጥቷታል ይላሉ።

በመናኸሪያው አጥርና በጋራዦቹ መካከል ረግረግ አለ። ከላይ ሰፈር የሚወርደው ትንሽ ወንዝ እዚያ ሲደርስ ይተኛል፤ ቄጠማና ሸምበቆ አብቅሎ፣ በሌላው ጫፍ ቀስ ብሎ ይወጣል። ለአብዛኛው ሰው የትንኝ ጉድጓድ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እንቁራሪቶቹ ይጀምራሉ። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ይነሳሉ። የማታዎቹ አውቶቡሶች የሚወጡትም በዚያው ሰዓት ስለሆነ አክስቴ ከእነሱ ጋር ግብ ግብ ትገጥማለች። የማጉያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙራ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ትጮኻለች። አንዳንዴ ሲመርራት ወደ ኋላ መስኮት ዞር ብላ በማይኩ «እናንተ ደግሞ ትኬት ሳትቆርጡ አትጩሁ» ትላቸዋለች። ተሳፋሪው ይስቃል። እንቁራሪቶቹ ግን ደንታም የላቸው።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ከገባ ሰነባብቶ፣ የመጨረሻውን አውቶቡስ ስትጠራ ድምፅዋ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደተናገረ ሰው አስተጋባ። እኔ ሂሳቤን ዘግቼ ወደ ቤት አብረን ልንሄድ ክፍሏ ውስጥ ቆሜ ነበር። ማይኩን ዘጋችና አየችኝ።

«ለምንድን ነው የምጮኸው?» አለች።

«ሁልጊዜም ትጮኺ የለ?» አልኳት።

«እሱማ እጮኻለሁ። ዛሬ ማንን ለማሸነፍ ነው የምጮኸው?»

የኋላውን መስኮት ከፈተችው። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሩቅ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም። ስትጣላቸው የኖረቻቸው ፍጥረቶች ጥለዋት ሄደዋል። ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ ጠቆረ።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከን ወረድን። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ተኝቷል። የቄጠማው እግር እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል። አንዲት እንቁራሪት ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ከአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ተንሳፋለች። አክስቴ ስንጥር አንስታ ውሃው ውስጥ ነከረች፤ ስታወጣው ጥቁር ነገር ተዝለግልጎ ተከተለው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና አሸተተች። እኔም ሽታው ደርሶኛል። የጋሼ ቱታ ሽታ ነው። ይህን ሽታ በሳሙና ልታስለቅቅ ስንት ዓመት ስትታገል የኖረች ሴት አታውቀውም አይባልም። ቀና ስንል ከጋራዦቹ ሥር የሚመጣው የሲሚንቶ ቦይ አፉን ወደ ረግረጉ ከፍቶ አየነው።

ራት ላይ አነሳችበት። ጋሼ የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ እንደሚደፋ አልካደም። ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ውሃውም ቢሆን ድሮም ቆሻሻ ነው፣ እኔ ብተው የጎረቤቴ ይወርዳል አላት። ይህን ሁሉ ያለው በእርጋታ ነው፤ ለእሱ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ያለ ነገር ነበር። በልቶ እጁን ታጠበና ሬዲዮውን ከፈተ።

አክስቴ ግን ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ጠዋት በቀጥታ ወደ ማይኩ ሄደች። በመጀመሪያው አውቶቡስና በሁለተኛው መካከል፣ ወደ ጋራዦቹ በዞረው ድምፅ ማጉያ፣ ኅሊና ያለው ሰው ውሃ አይመርዝም አለች። ከሰዓት በኋላ ደገመችው። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ቃሉን አከረረችው፤ ነፍሰ ገዳዮች እስከ ማለት ደረሰች። ተሳፋሪዎቹ ማንን እንደምትሰድብ ስላልገባቸው እርስ በርስ ተያዩ። የጋራዥ ሰዎቹ ግን በደንብ ገብቷቸዋል።

ከዚያ የሆነውን መቼም አልረሳው። መጀመሪያ ጋሼን «ሚስትህን ያዝ» አሉት። ቀጥሎ ወደ ጋራዦቹ የሚሄደው የድምፅ ማጉያ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ። ከዚያም አንዱ መካኒክ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመስኮቷ ትይዩ ቆሞ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ጥቁር ዘይት ቦዩ ውስጥ ገለበጠና እጁን አውለበለበላት። የመናኸሪያው ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶ ማይኩ የተገዛው ለአውቶቡስ እንደሆነ፣ ሁለተኛ ሌላ ነገር ከተነገረበት ማይኩን ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ነገራት። ጋሼ ደግሞ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሳህኑን ይዞ በረንዳ ላይ መብላት ጀመረ።

«ጮኼ ጮኼ ያተረፍኩት ባሌን ውጭ ማብላት ሆነ» አለችኝ አንድ ቀን ዕቃ ስናጥብ። ያን ሰሞን መናኸሪያው ሌላ ሰው የተቀጠረበት መሰለ። ቁጥሩን ትጠራለች፣ ከተማውን ትጠራለች፣ ማይኩን ትዘጋለች። ቀልድ የለ፣ ባለ ሻንጣ አባት የለ። አንዱ ሾፌር ወደ እኔ መስኮት ጎንበስ ብሎ እትዬ ታማለች እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

ወንበር ጠላፊው ወደ ነገሩ የገባው በዚህ መሃል ነው። የብረት ወንበሮችን በላስቲክ ገመድ እየጠለፈ የሚያድስ ሰው ነው፤ ሱቁ ከተማው ውስጥ፣ ቤቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ስለሆነ የማታውን አውቶቡስ አይለቅም። ዓይነ ስውር ነው። ማንም እጁን እንዲይዘው አይወድም፤ በትሩን ከፊቱ እያስቀደመ፣ ከበሩ ቀጥ ብሎ መጥቶ አውቶቡሱን በእጁ ዳብሶ ይገባል። የመናኸሪያው ሰው ለምዶታል። እንዴት መንገዱን እንደሚያገኝ ግን ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ምሽት አክስቴ ከላይ ሆና ታየዋለች፣ ከበሩ ገባ፣ ጥቂት ሄደ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዘነብል ጀመር። አንድ አውቶቡስ ወደ ኋላ እየተነዳ ነው። ቁም ብላ በማይኩ ጮኸች። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ በትሩ ግን ጎማው ሥር ገብቶ ለሁለት ተሰበረ። ሰውዬው ወድቆ እጁ ተላልጧል እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። ደግፈን ደረጃውን አወጣነውና ወንበሯ ላይ አስቀመጥነው። ሻይ ቀዳችለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪረጋጋ ቆየ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ በእንቁራሪቶቹ ነበር የምሄደው» አላት።

አክስቴ ወደ ኋላው መስኮት ዞረች።

«ከበሩ ስገባ ድምፃቸውን በግራ ጆሮዬ አደርገዋለሁ። በግራዬ እስካሉ ድረስ መንገዴ ቀጥ ያለ ነው። በበጋ ሰው እጠይቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ክረምት ግን ማንንም አልጠይቅም ነበር። ክረምት የእኔ ነበር። ዘንድሮ ዘግይተው ነው እያልኩ ስጠብቃቸው ሰነበትኩ።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልትነግረው አፏን ስትከፍት አየኋት። ከዚያ ዘጋችው። ምን እንዳሰበች በኋላ ነግራኛለች፤ ከጥፋተኞቹ አንዱ ራቱን በረንዳዋ ላይ የሚበላ ሰው መሆኑ ትዝ ብሏት ነው። ይልቅ አሁን ያልከውን በማይኩ ብትለው ምን ይመስልሃል ብላ ጠየቀችው። እኔ የኃላፊውን ማስጠንቀቂያ በጥቅሻ ላስታውሳት ሞከርኩ።

«ስለ አውቶቡስ ነው የሚናገረው» አለችኝ። «ወደ አውቶቡሱ እንዴት እንደሚሄድ።»

ማይኩን ወደ አፉ አቀናችለት። ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፤ «እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ጠላፊው ነኝ። ቅድም አውቶቡስ ሊድጠው የነበረው ሰው እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ ምንም አላጠፋም። ከአጥሩ ጀርባ የነበሩት እንቁራሪቶች ዘንድሮ አልመጡም። እኔ መንገድ የማገኘው በእነሱ ድምፅ ነበር። የት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። አመሰግናለሁ።»

ታች የሚሳፈረው እግሩን ደረጃው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ወደ ጋራዦቹ የሚሄደው ሽቦ እንደተቆረጠ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ማንም አልሰማም ብለን ነበር። ወሬ ግን ሽቦ አይፈልግም። በማግሥቱ ፍሬን ሊያሠራ የሄደው ሾፌር ለመካኒኩ ነገረው፤ ጎማ ሊያስነፋ የሄደው ለጎሚስታው ነገረው። ስድብ ሲሆን የሚያደርስ ያጣው ነገር፣ የሰው ታሪክ ሲሆን አሥር እግር አበቀለ።

ወዲያው የአክስቴ ደረጃ ሥራ በዛበት። አንድ ሸበቶ ሾፌር መጥቶ፣ እሱ ረዳት በነበረበት ዘመን ያ ውሃ እግር የሚታጠቡበት እንደነበር ነገራት። ብስኩት ሻጯ ደግሞ ቤቷ ከረግረጉ ዳር ነው፤ ዘንድሮ ትንኙ ልጆቿን ሊበላቸው ደርሷል፣ እንቁራሪት ሲጠፋ ትንኝ የሚበላው ማን ነው አለች። አክስቴ ሁሉንም ሻይ እየቀዳች ሰማች። ከዚያ ከእያንዳንዳቸው የሰማችውን፣ በአውቶቡስና በአውቶቡስ መካከል፣ እንደ ድሮው በቀልድ እያዋዛች ትናገር ጀመር። ማንንም አልከሰሰችም። አንድ ቀን የኃላፊው ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰማ ሁላችንም ክው አልን። ገብቶ የነገረን፣ ወንበር ጠላፊውን በየምሽቱ ዘበኛው ከበሩ እስከ አውቶቡሱ እንዲሸኘው ማዘዙን ነው። ስለ ማይኩ ምንም አላለም። እሷም አልጠየቀችም። ያልተዘጋ በር ማን ያንኳኳል ትላለች።

አንድ ማታ ጋሼ ሳህኑን ይዞ ከበረንዳ ገባና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። ከወንበሩ ጎን አንድ በትር አቆመ። ቀላል የብረት ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ጎማ ተገጥሞለታል፣ መያዣው በቆዳ ተጠቅልሏል፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ገና በደንብ አልደረቀም። ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ጥቂት ጎረሰና ቀና ሳይል ተናገረ።

«አትድፉ አልሽ። ሰማን። ታዲያ የት ላድርገው? እስቲ እሱን ንገሪኝ። ልጠጣው?»

አክስቴ አሰበች። «አላውቅም» አለች።

እሷ አላውቅም ስትል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼም ገርሞት ቀና አለ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ሳቄ መጣ፤ ያን ያህል የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም፣ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ሳቅ ስላልሰማ ነው።

በማግሥቱ በማይኩ ጠየቀች። «የተቃጠለ የሞተር ዘይት የት እንደሚወሰድ የምታውቁ ሾፌሮች፣ ብቅ በሉ። ሻይ አለ» አለች። ሻዩን ፈልጎ የመጣው ይበዛ ነበር። አንዱ መንገድ ላይ ይረጭ፣ አቧራ ይገድላል አላት፤ አቧራውን ከገደለ በኋላ ቀጥሎ ማንን እንደሚገድል ስትጠይቀው ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ሌላው ይቀበር አለ። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጣ። ጭነት በሚያራግፍበት ከተማ የተቃጠለ ዘይት ተቀብሎ የሚያጣራ ፋብሪካ አለ፤ እሱም በዚያ መስመር የሚሄደው ብዙ ጊዜ ግማሽ ጭነት ይዞ ስለሆነ በርሜል ቢሰጡት መውሰድ አይከብደውም። አክስቴ ሰውዬውን እጁን ይዛ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አሾልካ፣ ጋሼ ፊት አቆመችው። የቀረውን ሁለቱ መኪና ሥር ተኝተው ተነጋገሩ።

ጋሼ በጋራዦቹ ተርታ ጫፍ ላይ አንድ በርሜል አቆመ። ለማንም ምንም አልተናገረም። የራሱን ዘይት በጣሳ እየተሸከመ፣ ሰው እያየው፣ ሄዶ ይገለብጣል። ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ነበር። ከዚያ ጎሚስታው ጀመረ፤ ከዚያ ያ እጁን ያውለበለበው መካኒክ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ሁሉም ገቡ ብል እዋሻለሁ። አንዱ ጋራዥ እስከ ዛሬም ቦዩን አልተወም። አክስቴ ስሙን በማይኩ ጠርታው አታውቅም። በርሜሉ ሞልቶ በተነሳ ቁጥር ግን «የጋራዥ ወንድሞቻችን፣ እጃችሁ ይባረክ» ትላለች፤ እሱም ቆሞ ሲሰማ አይቼዋለሁ። የተቆረጠውን ሽቦ ማን እንደቀጠለው እስካሁን አይታወቅም። አንድ ጠዋት ስንገባ ተቀጥሎ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘነው።

ረግረጉ ቶሎ አልዳነም። የሚቀጥለው ክረምት ገብቶ፣ ማታ ማታ የኋላውን መስኮት ከፍታ ትጠብቅ ነበር፤ ምንም። እንደዚያም ሆኖ ወሬውን አላቋረጠችም። አንድ ቀን ረጅም እግር ያለው ነጭ ወፍ ቄጠማው መሃል ቆሞ አየችና ስሙን የምታውቁ ንገሩኝ ብላ አስታወቀች። በዚያ ሳምንት መናኸሪያው ውስጥ ሌላ ጨዋታ አልነበረም። እያንዳንዱ ከተወለደበት ቀዬ የመጣ ስም ነበረው፤ ሁለት ተሳፋሪዎች በወፉ ስም ሲከራከሩ አውቶቡስ አመለጣቸው። ሰው ትኬት ሊቆርጥ እኔ መስኮት ላይ ሲቆም «ወፉ ዛሬ መጥቷል?» ማለት ለመደ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ወንበር ጠላፊው ደረጃውን በአዲሱ በትር እያንኳኳ ወጣና «በግራዬ አንድ አለ» አላት። ሮጣ መስኮቱ ላይ ቆመች። አንድ ነበር፤ ደካማ፣ የሚመልስለት የሌለው። ከዓመት በኋላ ግን ሌሎች መልስ ይሰጡት ጀመር።

ነገሩ የተሳካ ሲመስለን ነው ሌላ ጣጣ የመጣው። ረግረጉ በአፈር ተሞልቶ የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊሆን እንደታሰበ፣ ስለዚሁም ከሕዝብ ጋር ውይይት እንደሚደረግ የሚገልጽ ማስታወቂያ በር ላይ ተለጠፈ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚመጣው ሦስት ዘበኛና አንድ እንቅልፋም ሽማግሌ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመናኸሪያው ማረፊያ አዳራሽ ሞልቶ ሰው በመስኮት አንገቱን አስገባ። በየቀኑ የሚመላለሱ ተሳፋሪዎች፣ ሾፌሮች፣ ተሸካሚዎች፣ ቱታቸውን ያላወለቁ የጋራዥ ሰዎች መጡ። ማንም አልቀሰቀሳቸውም። አክስቴ ያደረገችው የስብሰባውን ቀንና ሰዓት እንደ አውቶቡስ መነሻ ማስታወቅ ብቻ ነው።

ከከተማው አስተዳደር የመጣው ሰው ትሑት ነበር። የመኪናው ጭንቅንቅ እንዳስቸገረ፣ ረግረጉም ትንኝ እንደሚያፈላ አስረዳ። ብስኩት ሻጯ ተነስታ የትንኙን ነገር እኔ ቤት መጥተህ ጠይቀኝ አለችው፤ እንቁራሪቶቹ በጠፉበትና በተመለሱበት ክረምት መካከል ያየችውን ልዩነት ነገረችው። ሸበቶው ሾፌር፣ ውሃው እዚያ ካልተኛ መናኸሪያው ውስጥ ነው የሚተኛው አለ። ሰውዬው ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደ አክስቴ ዞረ። ልትነሳ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ከጎኗ ጋሼ ብድግ አለ።

እኔ ሊወጣ መስሎኝ ነበር። ሄዶ ማይኩን ከአስተባባሪው እጅ ተቀበለ። ማይኩ ጮኸ፤ ሰው ጆሮውን ያዘ። ጋሼ እስኪያቆም ጠበቀ።

«እኔ መካኒክ ነኝ» አለ። «ንግግር አላውቅም። ይህን ውሃ ከገደሉት ሰዎች አንዱ ነኝ። ዓመታት ሙሉ ዘይት ስደፋበት ኖሬአለሁ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ከቦዩ ወዲያ ምን እንዳለ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ሰው ነገረኝ፣ ሄጄ አየሁ። ካየሁ በኋላ መድፋት አቃተኝ። እናንተ ደግሞ አፈር ልትደፉበት ነው። እኔ አትድፉ አልልም፤ ሥልጣኑም የለኝ። ከመድፋታችሁ በፊት ግን አንድ ጠዋት መጥታችሁ እዩት። መቀመጫ እሰጣችኋለሁ። ጨርሻለሁ።»

ማንም ወዲያው አላጨበጨበም። መጀመሪያ ያጨበጨበው ያ በርሜሉ ጋ መጥቶ የማያውቀው ባለ ጋራዥ ነው፤ ለምን እንደሆነ እሱ ይወቀው።

ሰውዬው በሌላው ሳምንት እውነትም መጣ፤ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ጋሼ በሰጣቸው የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ረፋዱን አሳለፉ። ውሳኔው ሲወጣ ግማሽ ደስታ ግማሽ ኀዘን ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው ጠርዝ ለመኪና ማቆሚያ ተሞላ፤ ነጩ ወፍ የሚቆምበት ቄጠማ ያለው እዚያ በኩል ስለነበር ገልባጭ መኪናው ሲያራግፍ አክስቴ የኋላውን መስኮት በጋዜጣ ሸፈነችው። የቀረው ውሃ ግን እንዳለ ተተወ። የጋራዦቹም ቦይ እንዲዘጋ ታዘዘ፤ እስካሁን ባይዘጋም።

ይህ ሁሉ የሆነው በኋላ ነው። በስብሰባው ዕለት፣ ገና ምንም ሳይወሰን፣ ሦስታችን በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሰው መንገድ ላይ ጋሼን እያስቆመ ይጨብጠዋል፤ እሱ ደግሞ እጁ ቅባት የነካው ይመስል ከመስጠቱ በፊት ሱሪው ላይ ይጠርገዋል። አክስቴ ከጎኑ ትሄዳለች፣ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ጋሼ አላስቻለውም።

«እንዴት ነበርኩ?» አላት።

«ጥሩ ነበርክ» አለች። ጥቂት ከሄደች በኋላ «ማይኩን ግን ከአፍህ አርቀው። ፍ ስትል ድምፁ ይፈነዳል» አለችው።

ጋሼ ቆመ። እጁን ጨብጦ ከአፉ ፊት ያዘና «እንዲህ?» አለ።

«ዝቅ» አለችው፣ ክንዱን በጣቷ እየነካች። «ትንሽ ዝቅ አድርገው።»